በሽተኛ ሲበደል ነርስ በምን ታውቃለች?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ጤና አንድ ነገር ንገሪን» ሲለኝ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር የጠበቀ ሰው ብዙ ነው። እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የማነሣው ነርስ በበሽተኛ ላይ በደል መድረሱን በምን እንደምትለይና ለማን እንደምትናገር ነው። ነገሩ የሐኪም ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላመጣሁት። ግን ያ በሽተኛ ሐኪም ቤት ከመምጣቱ በፊት የተኛው በእኛው ሰፈር ነው፤ አንዳንዴም በእኛው አባል ቤት።

ከራሴ ልጀምር። ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት አሮጊት መጡ። ያመጣቻቸው ምራታቸው ነበረች። «ከአልጋ ወድቀው ነው» አለችኝ። ቁስሉን ሳጥብ በሁለቱም እጆቻቸው አንጓ ላይ ዙሪያውን የዞረ የገመድ ምልክት አየሁ። መቼም ሰው ከአልጋ ሲወድቅ አንጓው ዙሪያውን አይላጥም! እሳቸውን ስጠይቃቸው መጀመሪያ ምራታቸውን አዩ፤ ከዚያ በኋላ «አዎ ልጄ፣ ወድቄ ነው» አሉ። ምራቲቱን አውቃታለሁ፤ ቡና የምንጠራራ ሰዎች ነን። ካርዱ ላይ «ወደቁ» ብዬ ጻፍኩና ሸኘኋቸው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሦስት ቀን ተቀመጥን። እኔም ከለቀስተኛው ጋር አለቀስኩ፤ ያየሁትን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? መጀመሪያ ምራቲቱን «እስቲ አንድ ጊዜ ደጅ ቆዪ» ማለት። ነርስ አስታማሚን ስታስወጣ ብዙ ሰው ይቆጣል፤ እንደ ንቀት ያየዋል። ንቀት አይደለም። በዳዩ አጠገቡ ቆሞ ማን ይናገራል? በእኛ በሆለታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ እናቶች ብዙዎቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ብቻ ነው። ነርሷ ኦሮምኛ የማታውቅ ከሆነች የሚያስተረጉመው ያመጣቸው ሰው ይሆናል። መቺው ራሱ አስተርጓሚ ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው መፈለግ ግድ ነው።

ቀጥሎ ገላው ራሱ ይናገራል። የወደቀ ሰው የሚጎዳው ግንባሩ፣ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ ክርኑ ነው። ጆሮ፣ አንገት፣ ጀርባ፣ የክንድና የጭን ውስጥ ሲበልዝ ግን ነርስ ቆም ማለት አለባት። ገና መንፏቀቅ ያልጀመረ ሕፃን ገላው በልዞ ቢመጣ ራሱን አላጋጨም። ሙቅ ውሃ በድንገት ሲፈስ እዚህም እዚያም ይረጫል፤ እግር ልክ እንደ ካልሲ በመስመር ተለይቶ ከተቃጠለ ግን ተነክሮ ሊሆን ይችላል። ዶክተር ሄንሪ ኬምፕ የሚባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1954 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ፣ በራጅ ላይ የዳነና ያልዳነ ስብራት አብሮ ሲታይ ሕፃኑ በተደጋጋሚ መመታቱን ሊያመለክት እንደሚችል አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪም እንዲህ ያለውን ወላጅ ለመጠርጠር ይከብደው ነበር። የበለዘ ገላ በቀለሙ «የስንት ቀን ነው» ይባል የነበረው ግን ዛሬ አስተማማኝ እንዳልሆነ ታውቋል።

ደግሞ ጥርጣሬ ፍርድ አይደለም። የሽማግሌ ቆዳ ስስ ነው፤ በትንሽ ነገር ይበልዛል። ብዙ ልጆቻችን ሲወለዱ ወገባቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት አላቸው፤ የመቀመጫ ዱላ የመሰላት አዲስ ነርስ አይቻለሁ። የባህል ሐኪም በጋለ ብረት የተኮሰውም ጠባሳ አለ። ከዱላ ሌላ መጣልም በደል ነው፦ የመኝታ ቁስል፣ የጠወለገ ገላ፣ ተገዝቶ ያልተሰጠ መድኃኒት። እንዲህም ሆኖ የመኝታ ቁስል ያየሁበት ቤት ሁሉ ክፉ አልነበረም። በሽተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ሌሊቱንም ጭምር፣ ለአንዲት ብቻዋን ለምታስታምም ሴት የሚቻል ነገር አይደለም። ያቺ ምራትም ዕረፍት አልነበራትም።

ነርሷ ከዚህ በኋላ ትጽፋለች። ያየችውን ልክና ቦታ፣ በሽተኛው ያለውን በራሱ ቃል። «እከሌ መታው» ብላ ከራሷ አትጽፍም፤ «ወደቁ» ብላም አትሸፍንም። በዚያው ቀን ለኃላፊዋና ለተረኛው ሐኪም ትናገራለች። አእምሮው ደህና የሆነ አዋቂ ፈቃዱ ይጠየቃል፤ ሕፃን ሲሆን ግን ወላጁ እሺ እስኪል አይጠበቅም። ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ ይነገራል፤ ፖሊስም የሕክምና ማስረጃ በጽሑፍ ይጠይቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ሕፃናትን ማንገላታትን፣ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ለይቶ ጠቅሷል። በአዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል የተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ እንዲያገኙ የተቋቋመ ማዕከል አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ የምትቀየሙኝም ካላችሁ ተቀየሙኝ። ነርስ በጻፈች ማግስት ሽማግሌ ይላክባታል። «ሲስተር፣ ነገሩን በቤታችን እንጨርሰው» ይባላል። በኔም ደርሷል። ሽምግልና ለባልና ሚስት ኩርፊያ፣ ለወሰን ጠብ መልካም ነው። ከአልጋው መነሣት የማይችለውን ሰው ግን ዕርቅ ብሎ ወደዚያው አልጋ መመለስ ምን ዓይነት ዕርቅ ነው? እሱስ መች ለዕርቁ ተጠየቀ?

በዳይዋ ነርሷ ራሷ የምትሆንበትም ጊዜ አለ። ምጥ ላይ ያለች ሴት በጥፊ ስትመታ፣ ስትሰደብ ሰምተናል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን አንድ ዐቢይ ጉዳይ ያደረገው በከንቱ አይደለም። እንዲህ ያለ ቢደርስባችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የካርዱን ቁጥር ይዛችሁ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ። የሥራ ባልደረባን ማጋለጥ ለኛ ለነርሶች ከባድ ስለሆነ የናንተ ደብዳቤ ያግዘናል።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ከወር በላይ የተኛ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲኖር፣ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት፣ ቀን ሳይቀጥሩ ሄደው ይጠይቁ። አንደኛው ከቤቱ ሰው ጋር ደጅ ሲጫወት ሌላው ከበሽተኛው ጋር ብቻውን ይቀመጥ። ደክሟት ያገኙዋት አስታማሚ ካለች በሳምንት ሁለት ሌሊት የሚያግዛት ሰው ከዕድሩ ይመደብ። ወጪው ከድንኳኑ ኪራይ አይበልጥም፤ ከገንዘብ ያዣችን ጋር ቁጭ ብለን አስበነዋል።