የትምባሆ ኩባንያዎችን ዘዴ እንመዝግብ



ስለ ትምባሆ ስናወራ የምንወቅሰው አጫሹን ነው። እኔ ዛሬ ስለ ትልቁ ሻጭ ልናገር።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የትምባሆ መቆጣጠሪያ ደንብ ስታወጣ ብሪቲሽ አሜሪካን ቶባኮ ፍርድ ቤት ሄደ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው የተረታው በ2019 ነው። ኡጋንዳም በ2015 ሕግ ስታወጣ የዚያው ኩባንያ ቅርንጫፍ ከሰሰ፤ እዚያም በ2019 ተረታ። ተረታ እንበል እንጂ ሙግቱ ዓመታት በልቷል።

የእኛ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም። ታዲያ ማስታወቂያ ሁልጊዜ በራዲዮ አይመጣም። ለሱቃችሁ መደርደሪያ ወይም ጥላ በነጻ የሚሰጥ፣ ለማኅበሩም «ለሴቶች ሥራ ማስጀመሪያ» ብሎ ብር የሚያቀርብ ቢመጣ ማን እንደላከው ጠይቁ። ቀኑን፣ የተባለውንና የተሰጠውን ጽፋችሁ ለጸሐፊዋ ስጡ።

ብሩ ያጓጓል፤ የብድር ሣጥናችን ምን ያህል እንደሳሳ ሁላችን እናውቃለን። ቢሆንም ከትምባሆ ኩባንያ ምንም እንዳንቀበል ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ለጋሾቻችንም ይህን ይወቁልን። ሞያሌ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ከማዶ የምትሰሙትን ጨምሩበት። መዝገቡን በየወሩ ስብሰባችን ላይ እናነበዋለን።