ቡኒንግስ በብሪታኒያ ለምን ከሰረ?

ዛሬ የምናብራራው በአገሩ የገነነ የንግድ ድርጅት ባሕር ሲሻገር ስለሚገጥመው ፈተና ነው።

ቡኒንግስ በአውስትራሊያ የቤት ማደሻ ዕቃ ንግድ ቀዳሚው ነው። ቀለም፣ መጋዝ፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ችግኝ፤ ሁሉንም መጋዘን በሚያህል ሰፊ ሱቅ ይሸጣል። ባለቤቱ ዌስፋርመርስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሆምቤዝ የተባለውን የብሪታኒያ ኩባንያ በ340 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ።

ከዚያስ? ገበያውን የሚያውቁትን ነባር የበላይ ኃላፊዎች ወዲያው አሰናበተ። ሆምቤዝ ደንበኞቹን ያፈራው በአብዛኛው በቤት ማስጌጫ ዕቃዎቹ ነበር፤ አዲሱ ባለቤት ብዙዎቹን አነሣና የቡኒንግስን የአውስትራሊያ አሠራር እንዳለ ተከለ። የለመደውን ያጣ ደንበኛ ራቀ፤ ኪሳራው ተከመረ። ዌስፋርመርስ በ2018 ሆምቤዝን በ1 ፓውንድ ብቻ ሸጦ ወጣ።

ኢትዮጵያም በ2024 የችርቻሮና የጅምላ ንግድን በቅድመ ሁኔታ ለውጭ ባለሀብቶች ከፍታለች። ስለዚህ ታሪኩ እኛንም ይመለከታል። ገንዘብ በር ያስከፍታል፤ ገበያ ውስጥ የሚያቆየው ግን የአገሬውን ፍላጎት ማወቅ ነው። ከውጭ የሚመጣም ሆነ እዚሁ ያለ ነጋዴ፣ ገበያውን የሚያውቁ ሠራተኞቹን ያዳምጥ፤ ደንበኛውንም ይጠይቅ።