ከሲሊከን ገጽ እስከ አረጋውያን ጀርባ
(በዓለም አረጋውያን ቀን፣ በካምፓችን የማኅበረሰብ አዳራሽ፣ በመምህራን ስም የቀረበ ንግግር)



 እንደሚታወቀው ይህ ቀን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 ተወስኖ ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ቀን ይከበራል። በዚህ ዓይነቱ በዓል ላይ አረጋውያን ይከበሩ፣ ምርቃታቸው ይድረሰን ማለት የተለመደ ነው። እኛም እንላለን። ዛሬ ግን የምንናገረው አንድ አረጋዊ ከፍራሽ መነሣት ሲሳነው ጀርባውን ማን ያየዋል ስለሚለው ጥያቄ ነው።

እኛ የዚህ ካምፕ መምህራን አብዛኞቻችን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለንም። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጥንም። ይሁን እንጂ በየዩኒቨርሲቲውና በየላቦራቶሪው የሚደረገው ምርምር የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው ቆይተናል። ለዛሬ ሁለት ዓይነት ምርምር መርጠናል። አንደኛው ሬዲዮና ስልክ በሚሠሩበት በሴሚኮንዳክተር ገጽ ላይ የተደረገው ነው። ሁለተኛው ነርሶች የታመሙ አረጋውያንን እንዴት እናስታም ብለው ያደረጉት ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። የአንደኛው ጥያቄ በሲሊከን ገጽ ላይ፣ የሁለተኛው በሰው ቆዳ ላይ ነበረ።

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። በብሎካችን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። አሁን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ይሰሙናል፤ ታሪካቸውን የምንናገረውም እሳቸው ፈቅደውልን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ውሃ ሊቀዱ ሲሄዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተጎዳና ከፍራሽ መነሣት ተሳናቸው። ልጆቻቸው አጠገባቸው የሉም። ጎረቤት ግን አልጠፋም። ወጣቶቹ ጀሪካናቸውን ሞሉላቸው፤ ሬሽናቸውንም ተሰልፈው አመጡላቸው። ሴቶቹ ምግብ አበሰሉ፣ ቡና አፈሉ። እኛም ማታ ማታ እየሄድን እናጫውታቸው ነበር። እንዴት ዋሉ ስንላቸው ደህና ነኝ ይሉናል፤ እኛም ደህና ናቸው ብለን እንመለሳለን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የቤቱ ሽታ ተለወጠ። አንዲት ጎረቤት ልብሳቸውን ገልጣ ብታይ ከወገባቸው በታች፣ ከመቀመጫቸው አጥንት ላይ ጣት የሚያስገባ ቁስል ተከፍቷል። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባቸው ተኝተው ነበር። ወንዶቹ የሴት ሥራ ነው አልን። ሴቶቹ የጤና ሠራተኛ ሥራ ነው አሉ። እሳቸውም ገላዬን ለሰው አላሳይም ብለው ዝም አሉ። ቁስሉ እስኪድን አራት ወር ፈጀ። ድነው የተናገሩንን አንረሳውም። “ውሃ አመጣችሁልኝ፣ ቡና አፈላችሁልኝ፤ የሚያገላብጠኝ ግን አጣሁ” አሉን። ጥፋቱ የኛ ነው፤ በሌላ በማንም ላይ አናላክክም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምርምር እንሂድ። ሴሚኮንዳክተር ማለት ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ እንደ ልብ የማያሳልፍ፣ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ የማያግድ፣ በመካከል ያለ ቁስ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚሠራበት ሲሊከን ሲሆን፣ እሱም በአሸዋና በድንጋይ ውስጥ በብዛት ይገኛል። በሲሊከን ክሪስታል ውስጥ እያንዳንዱ አተም አራት ጎረቤቶች አሉት። አራት እጅ ያለው ሰው በየእጁ አንድ ጎረቤት ይዞ እንደ ቆመ አድርጋችሁ አስቡት። ክሪስታሉ በሚያልቅበት በላይኛው ገጽ ላይ የቆመው አተም ግን ከበላዩ ጎረቤት ስለሌለው እጁ ባዶውን ይቀራል። ያ ባዶ እጅ በአጠገቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሮን ይዞ ያስቀራል።

በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ ዊልያም ሾክሊ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1945 በሴሚኮንዳክተር ውስጥ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ከውጭ ሆኖ የሚቆጣጠር መሣሪያ ለመሥራት ሞክሮ አልሆነለትም። በሒሳብ ሲታይ መሥራት ነበረበት፤ ሲሞከር ግን አልሠራም። ባልደረባው ጆን ባርዲን ምክንያቱን ሲመረምር ችግሩ ያለው ከውስጥ ሳይሆን ከገጹ መሆኑን፣ ኤሌክትሮኖቹም እዚያ እንደሚያዙ አስረዳ። ከዚያ በኋላ ገጹን አጥብቀው ሲያጠኑ ቆይተው ባርዲንና ዋልተር ብራተን በዲሴምበር 1947 የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

የባዶው እጅ ችግር ግን በዚህ አላበቃም። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በግብጽ አገር በፖርት ሳይድ የተወለደው መሐመድ አታላ በዚያው ላቦራቶሪ ሲሊከንን በኦክሲጅን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት አጋለው። በላዩ ላይ የሚፈጠረው ብርጭቆ መሰል ስስ ሽፋን አብዛኞቹን ባዶ እጆች እንደሚይዝና ገጹን ጸጥ እንደሚያደርግ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1959 ከኮሪያዊው ተወላጅ ከዳዎን ካንግ ጋር ሆኖ በዚህ ሽፋን የሚሠራውን ትራንዚስተር ሠራ። ዛሬ በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ትራንዚስተር በቢሊዮን ይቆጠራል። በትምህርት ቤት ሰነፍ ተማሪን “ላይ ላዩን አታንብብ” ብለን እንቆጣለን። እነዚህ ሰዎች ግን ላይ ላዩን በደንብ በማየታቸው ዓለምን ለወጡ።

ሁለተኛው ምርምር እንደ መጀመሪያው ዝናው አልተሰማም። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ዶሪን ኖርተን የተባለች ነርስ ነበረች። በሆስፒታል የሚተኙ አረጋውያን ቆዳቸው እየቆሰለ ይሠቃዩ ነበር። ነርሶች ይህን ለመከላከል ጀርባን በአልኮልና በልዩ ልዩ ቅባት ማሸት ልማዳቸው ነበር። ሁሉም የየራሱን ቅባት ያመሰግናል፤ የትኛው እንደሚጠቅም ግን በጥናት ያረጋገጠ አልነበረም። ኖርተን ከሁለት ባልደረቦችዋ ጋር አረጋውያኑን እየተከታተለች፣ እየጻፈችና እያነጻጸረች ጥናቷን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመች። የተገኘው መልስ ቀላል ነበር። ቆዳን ከቁስል የሚያድነው ቅባቱ አይደለም፤ በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨቆነውን ቦታ በየጊዜው ከጭነት ማሳረፍ፣ ማለትም ሕመምተኛውን ማገላበጥ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሰው ሲተኛ አጥንት ከላይ፣ ፍራሽ ከታች ሆነው ሥጋን ይጫኑታል። በዚያ ቦታ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደም ካልደረሰ ኦክሲጅንና ምግብ አይደርስም፤ ሥጋው ይሞታል። ጤነኛ ሰው በእንቅልፉ እንኳ ይገላበጣል። አቅም ያጣ አረጋዊ ግን ሰው ካላገላበጠው አይችልም።

ኖርተንና ባልደረቦችዋ ማን ይበልጥ እንደሚያሰጋው አስቀድሞ ለማወቅ አምስት ጥያቄዎች አዘጋጅተዋል። የሰውነቱ ሁኔታ እንዴት ነው? አእምሮው ንቁ ነው ወይ? ይራመዳል ወይ? በተኛበት ራሱን ያንቀሳቅሳል ወይ? ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን ይቆጣጠራል ወይ? ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ደህና የሆነ 20 ያገኛል፤ 14 እና ከዚያ በታች ያገኘ ያሰጋዋል። እኛ የእኒያን እናት ነጥብ ዘግይተን ለብቻችን አስልተነዋል፤ ከ14 በታች ነበር። እስክሪብቶና ወረቀት ቢኖር በመጀመሪያው ቀን ልናውቀው የምንችለው ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ሁለቱ ምርምሮች የሚገናኙበትን አንድ መሣሪያ እንጥቀስ። በክሊኒክ ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን፣ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካውን ትንሽ ዕቃ ብዙዎቻችን አይተነዋል። የአሠራሩን ሐሳብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያፈለቀው ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ነው። ዛሬ በውስጡ ያለው የሚያበራውም ብርሃኑን የሚቀበለውም ሴሚኮንዳክተር ነው። ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ሌላ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ይለካል። ለነርሶች ትልቅ እርዳታ ሆኗል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ በእውነቱ ኦክሲጅናቸው ያነሰ ሰዎች በጥቁር ሕመምተኞች ዘንድ ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጉ ሆነው ተገኝተዋል። የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ስለሚያስቀር ነው። የቀዘቀዘ እጅና የጥፍር ቀለምም ንባቡን ያሳስታሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ደህና ቢልም አረጋዊው ትንፋሽ ካጠረው ለጤና ሠራተኛው አጥብቀን እንንገር። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ሰውን የሚያይ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል።

አሁን ምን እናድርግ ወደሚለው እንምጣ። የሚከተለውን ከጤና ሠራተኞቻችን ጋር ተመካክረን አዘጋጅተናል።

አንደኛ፣ መነሣት ያልቻለን አረጋዊ በቀንም በሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጥ። ከጠዋቱ በ12 ሰዓት በቀኝ ጎን፣ በ2 ሰዓት በጀርባ፣ በ4 ሰዓት በግራ ጎን፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በጎን ሲተኛ ከጀርባው የታጠፈ ብርድ ልብስ እንደግፍለት። ስናነሣው እንጂ ስንጎትተው ቆዳው ይላጣልና አንጎትት። ዳሌው ወይም እግሩ ተሰብሮ ከሆነ ግን አገላበጡን በመጀመሪያ የጤና ሠራተኛ ያሳየን።

ሁለተኛ፣ በቀን አንድ ጊዜ ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ ከወገቡ በታች ያለውን አጥንት፣ ትከሻውንና ክርኑን እንይ። መጻሕፍቱ ቀይ ምልክት ፈልጉ ይላሉ፤ በኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላት ላይታይ ይችላል። ከዙሪያው ይልቅ የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠነከረ ወይም የላላ ቦታ በእጅ እንዳስስ፤ ያምዎታል ወይ ብለን እንጠይቅ። እንዲህ ያለ ቦታ ከተገኘ በዚያ በኩል አናስተኛ፣ አንሽ፤ በዕለቱ ለጤና ሠራተኛ እንናገር።

ሦስተኛ፣ የረጠበ ልብስ ወዲያው ይለወጥ። ከጥጃው በታች የታጠፈ ጨርቅ በማድረግ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ይሁን። ከሬሽኑ ባቄላውና ምስሩ ለአረጋዊው ይቅደም፤ ውሃም ቶሎ ቶሎ ይጠጣ። ያልበላ ሰውነት ቁስል መሸፈን ያቅተዋል።

አራተኛ፣ ነውሩን በዘዴ እናሸንፍ። እናትን ሴት፣ አባትን ወንድ ያገላብጥ። ነጠላ ይጋረድ። ከመንካታችን በፊት “እናቴ ልገልብጥዎት?” ብለን እናስፈቅድ። የሰው ክብር የሚጠበቀው ገላውን ባለማየት ብቻ አይደለም፤ እንዳይቆስል በመጠበቅም ነው።

በአንድ ቀንና ሌሊት አሥራ ሁለት ተራ አለ። ለአንድ ሰው ይህ የሚቻል አይደለም። አባቶቻችን ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለዋል። ስድስት ሰው ሁለት ሁለት ተራ ቢይዝ ቀኑ ሞላ። ተማሪዎቻችን ሰዓቱና ጎኑ የተጻፈበት ሰንጠረዥ አዘጋጅተዋል። በየአረጋዊው በር ላይ ይለጠፋል፤ ያገላበጠው ሰው ይፈርማል። ያ ወረቀት በራሱ ምርምር ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሰብስበን ማን ቆሰለ፣ ማን አልቆሰለም፣ ተራው የተቋረጠው በየትኛው ሰዓት ነው ብለን እንቆጥራለን። ዶሪን ኖርተንም ያደረገችው ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ በስደት ብዙ አረጋውያን በዳር እንደ ቆመው አተም ናቸው። በአንድ ወገን ጎረቤት ሲኖራቸው በሌላው ወገን ልጅ፣ ወንድም፣ ዘመድ የነበረበት እጅ ባዶ ነው። ያን እጅ እኛ ካልያዝነው የሚይዘው ቁስል ነው። አዳራሹ በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ መዝገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ስም ያስጻፉት እኒያ ከፊት የተቀመጡት እናታችን ናቸው። ቆመው ማገላበጥ ባይችሉም ሌሊት ነቅተው ሰዓት ሊጠሩ ቃል ገብተዋል። ከሳቸው ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ስማችንን እንጻፍ።