ወረቀቱ ቢቀር ሥራው ይመስክር
(ለኮምፒዩተር ባለሙያ ስደተኞች ከተደረገ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የተከዜን ወንዝ ተሻግረን ሐምዳይት ስንገባ፣ ኋላም በኡም ራኩባና በቱናይድባ ስንሰፍር፣ ብዙዎቻችን ዲግሪያችንንም ሆነ የሥራ ልምድ ማስረጃችንን አልያዝንም። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ የሸሹ ወገኖቻችን ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ታዲያ ቀጣሪ «ማስረጃህን አምጣ» ሲል ምን እንመልሳለን? የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው አንድ መንገድ አለ፤ ይኸውም ሥራውን ራሱን ማሳየት ነው።

ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ለሊኑክስ ሥራ ያዘጋጀው ጊት የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ለውጥ ከነሠሪው ስምና ከነቀኑ ይመዘግባል። ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ በካምፕ የመዘገብነውን ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስንደርስ በአንድ ጊዜ ልንልከው እንችላለን።

ሆኖም መጠንቀቅ ይገባል። በጊት ማንም የፈለገውን ስምና ቀን መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ለውጡን በምስጢራዊ ቁልፍ መፈረም ያስፈልጋል። ጊትሀብ የተባለው የፕሮግራም ማከማቻ ከ2016 ጀምሮ ፊርማው ትክክል ሆኖ ሲገኝ «የተረጋገጠ» የሚል ምልክት ያሳያል። ይህም ቢሆን ስለ ፈራሚው እንጂ ስለ ችሎታው አይመሰክርም። ከሌላ የተቀዳ ወይም ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈው ፕሮግራምም ሊፈረም ይችላልና።

የሚበልጠው ምስክር ሌላ ባለሙያ ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነ ፕሮግራም ላይ ጉድለት አግኝተን አርመን ስንልክ፣ ኃላፊዎቹ ይመረምሩታል፤ ይጠይቁናል፤ «እንደገና ሥሩት» ይሉናል፤ ካመኑበት ይቀበሉታል። ጥያቄውም መልሱም በግልጽ ተጽፎ ይቀራል። ቀጣሪው ያንን ሲያነብ ችግር ሲገጥመን እንዴት እንደምናስብ ያያል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሠንጠረዥ ገብቷል፤ ነገር ግን አማርኛና ትግርኛ የሚያውቅ አራሚ የሚሹ ፕሮግራሞች ዛሬም አሉ። በዚያ በኩል ጀማሪም መግቢያ ያገኛል።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። አንደኛ፣ ከብዙ ጅምር ሥራ ይልቅ ተመርምሮ ተቀባይነት ያገኘ ጥቂት ሥራ ይኑረን። ሁለተኛ፣ ያልሠራነውን የእኛ ነው አንበል፤ ቀጣሪው ፊት ለፊት ሲጠይቀን ይገለጣል። ሦስተኛ፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሲም ካርድም ይዘጋል፤ ስለዚህ ወደ መዝገባችን የሚመልሱንን የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ጽፈን ከስልኩ ለይተን እናስቀምጥ።

ይህ የሥራ ፈቃድን አይተካም፤ ቀጣሪ ሁሉ ያነበዋል ማለትም አይደለም። ነገር ግን ዳግመኛ ብንፈናቀል እንኳ ከእኛ ጋር የሚሻገር፣ እሳትም ውኃም የማይደርስበት ማስረጃ ነው። መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉ ጥቂት ጥቂት እንጨምርበት።