የቲሙ ትንፋሽ ሲቋረጥ
(በማንኪራ ለየቲም አሳዳጊዎችና ለረጂ ወገኖች የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በየቲምነት ባደጉት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና ረጂ ወገኖች፤ ስለ የቲም ስንነጋገር ዘወትር የምናነሣው ቀለቡን፣ ልብሱንና የትምህርት ወጪውን ነው። እኔ ዛሬ ስለ ትንፋሹ ልናገር እወዳለሁ።

በልጅነቴ አብሮን ቁርኣን ይቀራ የነበረ አንድ የቲም ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። ሰዎች ፈጥነው አወጡት። አንዱ በእግሩ ይዞ ዘቀዘቀው፤ ሌላው ሆዱን ተጫነው፤ ሌላው መኪና ፍለጋ ሮጠ። ኡስታዛችን ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኛም አሚን እንላለን። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለልጁ ትንፋሽ መስጠትን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ማንንም አልወቅስም፤ አላወቅንም ነበር። ያሳደጉት አያቱ ግን «አማናው ከእጄ ላይ ጠፋ» እያሉ ብዙ ዘመን ኖሩ።

አዋቂ ሰው ድንገት ሲወድቅ መነሻው ብዙውን ጊዜ ልብ ነው። ልጅ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚቋረጠው ትንፋሽ ነው፤ ውኃ ወይም የበቆሎ ፍሬ ያፍነዋል፣ ልቡ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። አየር ያጣ አንጎል ከ4 ደቂቃ ገደማ ጀምሮ ይጎዳል። የቡና መገኛ ተብላ የምትታወቀው ማንኪራችን በደን የተከበበች ናት፤ ሆስፒታሉ ያለው ቦንጋ ነው። በክረምት ጭቃ በ4 ደቂቃ የት እንደሚደረስ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሐኪሞች ሲ.ፒ.አር. የሚሉት ርዳታ ደረትን እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠት ነው። ደረትን ከውጭ በመጫን ደም እንዲዘዋወር ማድረግ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1960 ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ያሳወቁት ሦስት ሰዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ኩወንሆቨን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አልነበረም። ልጁ ሲጠሩት የማይመልስ፣ የማይተነፍስ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጣጥር ከሆነ ሰው ጠርቶ መኪና ማስፈለግ፣ ልጁን በጠንካራ መሬት በጀርባው ማስተኛት፣ አገጩን ቀና አድርጎ ትንፋሽ መስጠት ይገባል። ከዚያም የደረቱን መካከል፣ የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል እስኪወርድ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት መጫን ነው፤ ከ30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ። ለጨቅላ ሕፃን አፉንና አፍንጫውን በአንድነት በአፍ ሸፍኖ በቀስታ ይሰጣል። ዘቅዝቆ ማንጠልጠል ጊዜ ከመግደል በቀር አይጠቅምም።

አሳዳጊዎችን የሚይዛቸው ሌላ ፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ። «የሰው ልጅ ነው፤ አጥንቱን ሰብሬ ብጠየቅበትስ?» ይላሉ። የገዛ ልጁን ቢሆን የማያመነታ ሰው በየቲሙ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። የልጅ ጎድን አጥንት ተለማማጅ ነውና የሚሰበረው ከስንት አንዴ ነው፤ ቢሰበርም ይጠገናል። ባዕድ ሴት ናት፣ ባዕድ ወንድ ነው ለሚለውም፣ ነፍስን ለማዳን የሚደረግ ነገር ድሩራ መሆኑን ዑለሞቻችን አስተምረውናል። «አጀሉ ከደረሰስ?» ለሚለኝ፣ ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ ስላለው ሰው የተነገረውን ሐዲስ አስታውሰዋለሁ። ሲ.ፒ.አር. የተደረገለት ሁሉ እንደማይነሣም አልደብቃችሁም፤ ብዙዎች አይነሡም። አጀሉ መድረሱን ግን ማናችንም አስቀድመን አናውቅም።

ይህን ከእኔ መስማት ብቻውን አይበቃም። ተጅዊድ ያለ ኡስታዝ ከመጽሐፍ ብቻ እንደማይቀራ ሁሉ፣ ይህም በአሠልጣኝ ፊት፣ በአሻንጉሊት ላይ በእጅ የሚለመድ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ረጂ ወገኖቼ፣ ለደብተርና ለብርድ ልብስ ከምታዋጡት ላይ ለአሠልጣኝ ጉዞና አበል ጥቂት ጨምሩ። ቀኑ ግን በቡና ለቀማ ወራት እንዳይውል አደራ፤ አሳዳጊዎቹ ሁሉ ጫካ ናቸው። አንዲት ሴት አሠልጣኝ ብትኖር አያቶች ሳያፍሩ ይጠይቃሉ። ታናናሾቻቸውን የሚያሳድጉ ታላላቅ እህቶችና ወንድሞችም ይጠሩ፤ ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ቤት የሚያድሩት እነርሱ ናቸውና።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።