አሮጌ ኮምፒዩተሮችን በቀላል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለ ማሠራት
(በሬዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግራችን በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሰው የተቀመጡትን አሮጌ ኮምፒዩተሮች የሚመለከት ነው። ጉዳዩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ ጽሕፈት ቤት አንድ ወይም ሁለት ኮምፒዩተር ብቻ በሆነበት ሥፍራ፣ የባለጉዳይ ደብዳቤ ዛሬ መጻፉ ወይም ለሚቀጥለው ሳምንት መተላለፉ በዚሁ በትንሹ ጉዳይ ይወሰናል።

ኤረርን ለምሳሌ እንውሰድ። ኤረር በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በተዘረጋው በአሮጌው የባቡር መሥመር ላይ የምትገኝ፣ በፍል ውሃዋ የታወቀች ቆላማ ከተማ ናት። በዚያ በአንድ ጽሕፈት ቤት የተመለከትሁት ኮምፒዩተር፣ ጸሐፊው ጠዋት ከፍቶት ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ገና ለሥራ አልተዘጋጀም ነበር። ራም የሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻው 1 ጊጋባይት፣ የሚያሠራው ፕሮግራም ደግሞ ዊንዶውስ 7 ነው። ኃላፊው አዲስ እስኪገዛ ጠብቁ ብለዋል፤ ግዢው ግን በዓመቱ በጀት አልተያዘም። በበሩ ከቆሙት ባለጉዳዮች አንዳንዶቹ ከብቶቻቸውን ለሰው አደራ ሰጥተው የመጡ አርብቶ አደሮች ናቸው፤ «ማሽኑ እንቢ ብሏል፤ ነገ ተመለሱ» የሚለው መልስ ለእነርሱ የቀን መንገድ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የምንለው የኮምፒዩተሩን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያዝዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተናግድ መሪ ፕሮግራም ነው። ይህ መሪ ፕሮግራም ከማሽኑ ዐቅም በላይ ሲሆን የሚደርሰውን ነገር የመንግሥት ሠራተኛ በቀላሉ ይረዳዋል። ራም እንደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ነው፤ ዲስኩ እንደ መዝገብ ቤቱ። ጠረጴዛው ሰፊ ከሆነ የሚያስፈልገው ፋይል ሁሉ በፊት ለፊት ይዘረጋል። ጠረጴዛው ጠባብ ሆኖ ግማሹን መሪው ፕሮግራም አስቀድሞ ከያዘው ግን፣ ጸሐፊው ለአንዲት ወረቀት ሁሉ ወደ መዝገብ ቤት ሲመላለስ ይውላል። የኮምፒዩተሩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም እያለ ሥራው የማይራመደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሮጌውን ዊንዶውስ እንደያዙ መቀጠልም አደጋ አለበት። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረው ጥገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020 ተቋርጧል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገናም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ጥገና የሌለው ማሽን ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወር ፍላሽ ለሚመጣ ቫይረስ የተጋለጠ ነው። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። ይህን በአሮጌ ማሽን ላይ ለመጫን መሞከር፣ የ1 ሜትር ስፋት ባለው በኤረር አሮጌ ሐዲድ ላይ ለ1.435 ሜትር ሐዲድ የተሠራውን አዲሱን ባቡር ለማስኬድ እንደ መሞከር ነው።

ስለዚህ ዓይናችንን ወደ ሊኑክስ እናዞራለን። ሊኑክስ በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊነስ ቶርቫልድስ በተባለ የፊንላንድ ተማሪ የተጀመረ፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ወስዶ ሊያሠራውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥራ ነው። ከእርሱ የተወለዱት ዓይነቶች እጅግ ብዙ በመሆናቸው አዲስ ሰው ይደናገራል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለመሥሪያ ቤት ሁለትና ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

አስቀድመው የማሽኑን ራም መጠንና ፕሮሰሰሩ የ32 ወይም የ64 ቢት መሆኑን ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩ የ64 ቢት፣ ራሙም 2 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሉቡንቱ ወይም ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ቀላል ገጽታ የያዘ ዴቢያን ይስማማል። ራሙ 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ፣ ወይም ፕሮሰሰሩ የ32 ቢት ከሆነ፣ እኔ የምመርጠው አንቲኤክስ የተባለውን ነው፤ አዘጋጆቹ ቢያንስ 512 ሜጋባይት ራም እንዲኖር ይመክራሉ። ከዚህም ያነሰ ሲሆን ታይኒ ኮር አለ። መጠኑ 23 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሚያስፈልገውን ሁሉ አንድ በአንድ መጨመር ስለሚያሻ ለጸሐፊ ሳይሆን ለባለሙያ የተሠራ ነው። ፓፒ የተባለውም ከፍላሽ ተነሥቶ ራሱን በራም ላይ ስለሚያሰፍር ዲስኩ ለተበላሸ ማሽን ይጠቅማል። የ32 ቢት ማሽኖች ዘመን እየተዘጋ መሆኑንም ማወቅ ይገባል፤ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 በእነርሱ ላይ እንደ አዲስ የሚጫንበትን መንገድ አስቀርቷል።

በቀላል ማሽን መሥራት ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለተማሪዎች የታደሉት ኤክስኦ የተባሉት አረንጓዴና ነጭ ትናንሽ ላፕቶፖች ራማቸው 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንመጣለን፤ ይኸውም ፊደል ነው። በኤረር ያለው ጸሐፊ የክልሉን ሥራ በሶማሊኛ፣ ማለት በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ይህ በማንኛውም የቁልፍ ሰሌዳ ይሠራል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲጽፍ ግን ግዕዝ ፊደል ያስፈልገዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፣ አቢሲኒካ የመሰለውን የፊደል ቅርጽና ኪማን የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጭኖ በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ ይቻላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፕሮግራሞች የተጻፉት የቆዩ ሰነዶች ግን ሌላ ነገር ናቸው። እነዚያ ፊደሎች በላቲን ቁጥሮች ላይ የተደረቡ ስለሆኑ፣ የተጻፉበት የፊደል ቅርጽ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ይታያሉ። የዐሥርና የዐሥራ አምስት ዓመት የመሬትና የደመወዝ መዝገብ በዚህ ዓይነት ተጽፎ ከሆነ፣ አሮጌው ዲስክ ከመጥፋቱ በፊት ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ቢያንስ በፒዲኤፍ ማስቀመጥና ቅጂውን በሌላ ሥፍራ ማኖር ግዴታ ነው። ይህን ሳይፈጽሙ ማንም «ልጫንላችሁ» ባይ ማሽኑን እንዲነካ አይፍቀዱ።

ሐሰት ተስፋም ልሰጥዎ አልሻም። መሪው ፕሮግራም ቢቀልም ኢንተርኔቱ አይቀልም። የዛሬ ድረ ገጾች ሁለትና ሦስት ሆነው ሲከፈቱ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የበለጠ ራም ይበላሉ። አሮጌው ማሽን ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሠንጠረዥ ለመሙላትና ለማተም ይሁን፤ በቪዲዮ የሚደረገው ስብሰባ ለሌላው ይተው። ጥቂት ገንዘብ ከተገኘ ደግሞ አሮጌውን ዲስክ በኤስኤስዲ መተካት ማንኛውም ፕሮግራም ከሚሰጠው የበለጠ ፍጥነት ይሰጣል። በኤረር ሙቀትና አቧራ መካከል ማራገቢያውን በብሩሽ መጥረግም እንዲሁ ነው፤ የጋለ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ሆን ብሎ ያዘግማል፤ ሰው ግን ፕሮግራሙን ይወቅሳል።

ምርጫዎ ከተቆረጠ በኋላ ወዲያው አይጫኑት። ከፍላሽ አስነሥተው፣ በዲስኩ ላይ ያለውን ሳይነኩ፣ አንድ ሙሉ ቀን ይሥሩበት። አማርኛው ይጻፋል ወይ? ማተሚያው ወረቀት ያወጣል ወይ? መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሰላም ይነሣል ወይ? ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ማተሚያው ነው፤ አንዳንዶቹ ከሊኑክስ ጋር ፈጽሞ አይግባቡም፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ያለውን ማተሚያ ራሱን ገጥመው፣ ማኅተም የሚያርፍበትን እውነተኛ ደብዳቤ አትመው ይመልከቱ።