ረጅሙን ልጅ ከቀለበት ሥር ብቻ ስላለማቆም
(በሂርና የተነገረ)



የቅርጫት ኳስ ቀለበት ከምድር 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፥ ረጅሙን ልጅ ከሥሩ ማቆም፥ ኳስ ማንጠሩንና ማቀበሉንም ለአጫጭሮቹ መተው ተለምዷል። ይህ ለዕለቱ ድል ይረባል፤ ልጁን ግን ይጎዳዋል። ስለ ምን ቢሉ፥ በ12 ዓመቱ እንደ ማሽላችን ቀድሞ የተመዘዘ ልጅ፥ በ17 ዓመቱ ባልንጀሮቹ ሊደርሱበት ይችላሉና፤ ያን ጊዜ ቁመቱ ብልጫ አይሆንለትም፥ ሌላም ሙያ የለውም።

ማጂክ ጆንሰን የተባለው አሜሪካዊ ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፥ ኳስ እያነጠረ ጨዋታ መሪ ነበረ። በፈረንጅ 1980 ዓ.ም. በዋንጫው ፍጻሜ ረጅሙ ባልደረባው ቢጎዳ፥ በእርሱ ስፍራ ገብቶ 42 ነጥብ አገባ።

እንግዲህ ረጅሙም ከአጫጭሮቹ ጋራ በሁለቱም እጁ ያንጥር፥ ያቀብል፤ ለዚህ ቀለበት እንኳ አያሻም፥ ደልዳላ ሜዳ ይበቃል። ጎንበስ ብሎ ማንጠር ለረጅም ሰው ጭንቅ ነውና፥ ኳሱ ቢያመልጠው ልጆቹ እንዳይሥቁበት ከልክሉ።